ዘግይቶ የገባው ቴሌቪዥን፤ ስለ ጆሃንስበርግ ተከታታይ ድራማዎች ታሪክ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሥርጭቱን በጀመረ ጊዜ፣ በወርቅ ማዕድኗ በዓለም የታወቀችው ታላቋ የጆሃንስበርግ ከተማ ቴሌቪዥን አልነበራትም፤ ከዚያም በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያህል ሳይኖራት ቆየች። ይህን ነገር በዚህችው ከተማ በጄፒ ጎዳና ለሚነግዱ ኢትዮጵያውያን ያገሬ ልጆች ስነግራቸው ለማመን ይቸገራሉ፤ መቸገራቸውም አያስደንቅም። ድኅነት ከልክሏት ነው እንዳይባል በአህጉሩ በሀብት የሚተካከላት ከተማ እምብዛም አልነበረም፤ የባለሙያ እጦት ነው እንዳይባል የምህንድስና ትምህርት ቤቶቿ የታወቁ ነበሩ፤ ጎረቤቷ ሮዴሺያ በ1960፣ ኬንያም በ1962 (ከዚህ ወዲያ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልጠቆምሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቴሌቪዥን ሲያቆሙ እርሷን ወደ ኋላ ያስቀራት የገዢዎቿ ፍርሃት ነበረ።

የዚህ ፍርሃት ዋና ጠበቃ የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ዶክተር አልበርት ኸርትዞግ ነበሩ። እኚህ ሰው ከ1958 እስከ 1968 ድረስ የፖስታና የቴሌግራፍ ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ፣ በሥልጣን ላይ እስካሉ ድረስ ቴሌቪዥን ወደ አገሪቱ እንዳይገባ ቆርጠው ተነሥተው ነበር። ምክንያታቸውም ሁለት ነው፤ አንደኛው ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የሚመጣው ፊልም የአፍሪካንስን ልሳን ይውጠዋል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛውና ክብደት ያለው ግን፣ ጥቁሩ ሰው የቆዳው ቀለም የተለያየ ሕዝብ በአንድ ማዕድ ሲቀመጥ፣ በአንድ ቢሮ ሲሠራ፣ አልፎም ሲጋባ በዓይኑ ካየ፣ የዘር ልዩነት ሥርዓት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው እየተባለ የተሰበከለት ትምህርት ከልቡናው ይፋቃል የሚል ነበረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄንድሪክ ፈርቩርድም ቴሌቪዥንን ከአቶሚክ ቦምብና ከመርዝ ጋዝ ጋር አመሳስለው፣ የዘመን ግኝት ሁሉ ለሰው ይበጃል ማለት አይደለም ሲሉ ተከራክረዋል። የእነዚህን ሰዎች ሕግ ከልቤ እጸየፈዋለሁ፤ ነገር ግን ዛሬ ድራማ ከሚሠሩት ከብዙዎቹ ይልቅ አንድ ነገር አጥርተው እንደ ተረዱ ለመመስከር እገደዳለሁ፤ ይኸውም፣ ማታ ማታ በየቤቱ እየገባ የሚተረክ የሰው ሕይወት፣ ከአዋጅና ከስብከት የበለጠ የሰውን ኅሊና እንደሚለውጥ ነው።

ጉዳዩን ለሚያስታውስ ሰው በጆሃንስበርግ ሰማይ ላይ ምስክር ቆሞለታል። በብሪክስተን ሰፈር በ1962 ተሠርቶ የተፈጸመው፣ 237 ሜትር ከፍታ ያለው የሬዲዮ ማሠራጫ ማማ የተሰየመው በእኚሁ በዶክተር ኸርትዞግ ስም ነበረ፤ ጊዜው ሲደርስም የቴሌቪዥኑን ሞገድ ለከተማዋ ያደለ ይኸው ማማ ሆነ።

ሕዝቡ ግን በእነዚያ ዓመታት ያለ ትረካ አልኖረም። በ1950 የተከፈተው ስፕሪንግቦክ ሬዲዮ በእንግሊዝኛና በአፍሪካንስ የሚያቀርባቸውን ተከታታይ ድራማዎች የነጮቹ ቤተሰብ ከእራት በኋላ ተሰብስቦ ያደምጥ ነበር፤ በ1960 ደግሞ ራዲዮ ባንቱ የሚባለው፣ ሕዝቡን በየነገዱ ለያይቶ ለመግዛት የታሰበው ጣቢያ፣ ከአሳቢዎቹ ፈቃድ ውጭ የዙሉንና የሶቶን ተውኔት ጸሐፊዎች ያሠለጠነ ትምህርት ቤት ሆነ። ገና በ1941 በደርባን በዙሉ ቋንቋ በሬዲዮ መናገር የጀመረው ኪንግ ኤድዋርድ ማሲንጋ የሼክስፒርን ተውኔት ወደ ዙሉ መልሶ ለሕዝቡ ማሰማቱን ሳስብ፣ በእኛም አገር ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ያናገረበት ትጋት ትዝ ይለኛል። ዛሬ በስልክ መስታወት ላይ የምናየው የዙሉ ድራማ ሥሩ ያለው በዚያ ዘመን ሬዲዮ ነው።

በሐምሌ 1969 ሰው ጨረቃን ሲረግጥ በአያሌ አገሮች የሚኖር ሕዝብ በዚያችው ሰዓት በቴሌቪዥን ሲመለከት፣ የጆሃንስበርግ ሰው ግን ወሬውን በሬዲዮ ብቻ ሰማ፤ የተቀዳውን ፊልም ለማየትም በኋላ በተወሰኑ ትርኢቶች ተራ መጠበቅ ነበረበት። ሕዝቡ ይህን እንደ ውርደት ቆጠረው። ኸርትዞግ ቀደም ብለው በ1968 ከሹመታቸው ተነሥተው ስለ ነበር፣ በአገሪቱ ብሮድካስት ኮርፖሬሽን ሊቀ መንበር በፒት ሜየር የሚመራ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በ1971 ቴሌቪዥን እንዲፈቀድ ተወሰነ፤ ከ1975 የሙከራ ሥርጭት በኋላም ጥር 5 ቀን 1976፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 26 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ ልደት ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኦክላንድ ፓርክ ካለው ጣቢያ መደበኛው ሥርጭት ተከፈተ። የዘገየ በመሆኑ አንድ ብልጫ አገኘ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እስከ 1984 ድረስ በጥቁርና ነጭ ሲቆይ የእነርሱ ከመጀመሪያው ቀን በቀለም ነበረ። ሰዓቱ ግማሹ ለእንግሊዝኛ፣ ግማሹ ለአፍሪካንስ ተከፈለ፤ የአገሪቱ አብዛኛው ሕዝብ ለሚናገራቸው ቋንቋዎች ግን ምንም አልተመደበም። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 16 ቀን 1976፣ የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ እንዲማሩ የወጣውን ትእዛዝ ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ጥይት ተተኮሰባቸው፤ በዚያ ጊዜ አብዛኛው የሶዌቶ ቤት የኤሌክትሪክ መብራት እንኳ አልነበረውም።

የብሪታንያ ተዋንያን ማኅበር አባላቱ የተጫወቱባቸው ሥራዎች ለደቡብ አፍሪካ እንዳይሸጡ ስለ ከለከለ፣ ጣቢያው ፊቱን ወደ አሜሪካና ወደ ጀርመን አዞረ፤ በአሜሪካ ድራማ ውስጥ ያሉት የማያሚ ፖሊሶች በአፍሪካንስ ተተርጉመው ሲናገሩ፣ ዋናውን የእንግሊዝኛ ድምፅ የፈለገ ሰው ራዲዮ 2000ን ከፍቶ ከሥዕሉ ጋር እያገናኘ ያዳምጥ ነበር። በ1982 ለጥቁሩ ሕዝብ ሁለት ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ አንዱ ለዙሉና ለኾሳ፣ ሁለተኛው ለሶቶና ለጽዋና ቋንቋዎች። ልሳን የእግዚአብሔር ስጦታ ሲሆን መለያ አጥር ተደረገ።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች አንዱን ረጋ ብዬ ልመልከተው፤ ምክንያቱም ስለ ዘንድሮዎቹ ድራማዎች የምፈርደው በእርሱ ሚዛን ነው። በ1986 የመንግሥቱ ቴሌቪዥን በዊልያም ፎር አዘጋጅነት ያቀረበው ባለ ዐሥር ክፍሉ ሻካ ዙሉ፣ ሄንሪ ሴሌ በዙሉው ንጉሥ በሻካ ቦታ ሆኖ በታላቅ ግርማ የተጫወተበት፣ በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት የተሰለፈበት፣ በብዙ አገሮችም የታየ ሥራ ነው። የሴሌን አቋምና ድምፅ ያየ ሰው አይረሳውም። ነገር ግን ታሪኩን የሚያየው ዓይን የማን ነበረ? ትረካው የሚጓዘው ወደ ንጉሡ ግቢ ከሚመጡት እንግሊዛውያን ጋር ነው፤ ሐኪሙ ፊን ይመረምራል፣ ይመዘግባል፣ ይፈርዳል፤ የዙሉ ሕዝብም በገዛ ምድሩ የሚመረመር ነገር ሆኖ ይቀርባል። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ እስረኞችና መንገደኞች የጻፉትን ብቻ አንብቦ ስለ ንጉሡ የሚፈርድ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ምን ያህል እንደሚጎድለው እናውቃለን። በዚያ ላይ ሥራው የታየው በመላው አገር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ሰዎች ያለ ፍርድ በሚታሰሩበት ዓመት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ጥቁሩን ንጉሥ በሚያፈስሰው ደም አጉልቶ ማሳየት ለማን ይጠቅም እንደ ነበረ አንባቢ ያስተውል።

በዚያው ዓመት ኤምኔት የሚባለው የግል ጣቢያ በክፍያ ተከፈተ፤ በ1992ም የከተማዋን የዙሉ ስም፣ ኢጎሊን፣ የያዘው ተከታታይ ድራማ በርካታ ቋንቋዎችን በአንድ ትዕይንት እያቀላቀለ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ቆየ። የዘር ልዩነት ሥርዓት ካከተመበት ነፃነት በኋላ ከመጡት ሁሉ ግን እኔ የማስቀድመው በ1999 የታየውን ዪዞ ዪዞን ነው። ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በመተባበር የተሠራው ይህ ድራማ የአንድ ጥቁር ሰፈር ትምህርት ቤት ዓመፁን፣ ዕፁን፣ የመምህራኑን ስንፍናና የተማሪዎቹን ሥቃይ ሳይሸፍን ስላሳየ በምክር ቤት ሳይቀር ክርክር አስነሥቷል። አንጉስ ጊብሰንና ቴቦሆ ማህላጺ ያዘጋጁት ይህ ሥራ፣ ተመልካቹ የሚያውቀውን ሰፈር፣ በሚናገረው ቋንቋ፣ በራሱ ዓይን አሳየው።

የእኛ ሰዎች በብዛት ወደዚህች ከተማ የመጡት ከ1994 ወዲህ ነው። በጄፒ ጎዳና፣ ዛሬ በ1956ቱ የሴቶች ሰልፍ መሪ በራሂማ ሙሳ ስም በተጠራው መንገድ፣ ቀድሞ የሐኪሞች መመርመሪያ የነበረው ሜዲካል አርትስ ሕንፃ ፎቅ በፎቅ የኢትዮጵያውያን ሱቅ ሆኗል፤ ብርድ ልብሱ፣ ጫማው፣ መጋረጃው፣ ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው የቡና ጢስና የእጣን ሽታ መንገደኛውን አገሩ የገባ ያስመስለዋል። በየሱቁ ጥግ ቴሌቪዥን አለ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ከተከፈተ በኋላ በአማርኛ የሚናገሩት የቱርክ ቤተሰቦች በዚያ ሲታዩ፣ የቆሙባት ከተማ የምትሠራቸው ድራማዎች ግን ለብዙዎቹ ባዕድ እንደ ሆኑ ቀሩ።

በኢንተርኔት ድራማና ፊልም የሚያሳየው ኔትፍሊክስ ወደ ደቡብ አፍሪካም ወደ ኢትዮጵያም የገባው ጥር 6 ቀን 2016 ሲሆን፣ ይህም የጆሃንስበርግ ቴሌቪዥን ከተከፈተ አርባ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ሾውማክስ የሚባለው የአገሩ ተፎካካሪ ጥቂት ወራት ቀድሞት ነበር። ከዚህ ወዲያ ድራማ በሰዓት የሚጠበቅ መሆኑ ቀርቶ፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ በስልክ የሚታይ ሆነ፤ የሚመረጠውም ስለ በዛ የተመልካቹ ፍርድ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል።

የእኔን ፍርድ ልናገር። በየካቲት 2020 የወጣው ኩዊን ሶኖ፣ ኔትፍሊክስ በአፍሪካ ያሠራው የመጀመሪያው ድራማ፣ ፐርል ቱሲ የተገደለችው የነፃነት ታጋይ ልጅ ሆና የተጫወተችበት፣ በስለላውና በጥይቱ ከአሜሪካ ፊልሞች ብዙ ተበድሯል፤ ልጅቱ ስለ እናቷ ሞት እውነቱን ስትፈልግ ግን፣ ጀግኖቹን ቀብሮ ገዳዮቻቸውን ያልጠየቀ አገር ሁሉ ልብ ይነካል። ሁለተኛው ምዕራፍ ተፈቅዶ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መሰረዙ በእውነት ያሳዝናል። ብለድ ኤንድ ዎተር የሚባለው የኬፕታውን ተማሪዎች ድራማ፣ በሕፃንነቷ የተሰረቀች እኅቷን የምትፈልገው የፑሌንግ ታሪክ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ እውነተኛ የቤተሰብ ሐዘን ይዞ ተነሥቶ ሳለ፣ እስከ አራተኛው ምዕራፍ ሲለጠጥ ሐዘኑ ለድግስና ለልብስ ቦታ ለቀቀ። ኪንግስ ኦፍ ጆበርግና ዘ ዋይፍ የሚባሉት ድራማዎች ግን በጣም ያሳስቡኛል። በሥራ ጥራት አይታሙም፤ የመጀመሪያውን የሠራው ሾና ፈርገሰን በ2021 በወረርሽኙ ሲያርፍ አገሩ ታላቅ ባለሙያ አጥቷል። ሆኖም በሁለቱም ውስጥ ሽፍታነት ያማረ ልብስ ለብሶ፣ ዘረፋ የወንድማማች ፍቅር ተብሎ ይቀርባል፤ ሱቁ የተዘረፈበት፣ ዘበኛው የተገደለበት ሰው በታሪኩ ውስጥ ስም የለውም። በዚህች ከተማ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው ይህን ሲያይ ዝም ሊል አይችልም።

ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው በሰኔ 2023 ምዛንሲ ማጂክ በሚባለው ጣቢያ የጀመረውን፣ ከሥርጭቱም ውጭ በፈለጉት ሰዓት የሚታየውን ሻካ ኢሌምቤን ነው። የዪዞ ዪዞ አዘጋጆች ያቋቋሙት ድርጅት ሠራው፤ ቋንቋው ዙሉ ነው፤ ታሪኩም እንግሊዛዊ ሐኪምን አይጠብቅም። ኖምዛሞ ምባታ የተጫወተቻት የሻካ እናት ናንዲ በ1986ቱ ሥራ ካገኘችው የላቀ ክብር አግኝታ፣ ስደቷና ጽናቷ ልጇን ንጉሥ ያደረገው ኃይል ሆኖ ይታያል፤ የንግሥናው ጠብ፣ የጋብቻው ውል፣ የመድኃኒተኛው ምክር፣ የጎረቤት ነገሥታት ዲፕሎማሲ ሁሉ አእምሮ ያላቸው ሰዎች ሥራ ሆኖ ቀርቧል። በየቦታው ርዝመት አለበት፤ ሻካንም ከበደሉ የሚያጸዳባቸው ትዕይንቶች አይጠፉም። ይሁን እንጂ በሠላሳ ሰባት ዓመት ልዩነት የተሠሩትን ሁለቱን ሻካዎች አከታትሎ ያየ ሰው፣ ነፃነት ለአንድ ሕዝብ ትረካ ምን እንደሚያደርግለት ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይማራል።

እኔ ባየኋቸው የጆሃንስበርግ ድራማዎች ሁሉ ግን ኢትዮጵያዊው ነጋዴ በሙሉ ሰውነቱ ሲቀርብ አላገኘሁም። በ2008 ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ ከስድሳ በላይ ሰዎች የሞቱበት በስደተኞች ላይ የደረሰው ጥቃት፣ በ2019ም የተደገመው የሱቅ ዘረፋ፣ በጄፒ ለሚኖር ሁሉ የትናንት ነገር ነው፤ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጦ የመጣው ወጣት ታሪክ ለብዙ ምዕራፍ ይበቃል። መንገዱም ተከፍቷል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚሁ በጆሃንስበርግ በራንድበርግ የሚገኘው የቴሌቪዥን ድርጅት መልቲቾይስ በ2021 በአቦል ቴሌቪዥን የአማርኛ ድራማዎችን ለኢትዮጵያ ማሠራት ጀምሯል። ስለዚህ በአዲስ አበባም በጆሃንስበርግም ያላችሁ የተውኔት ጸሐፊዎች፣ ወደ ጄፒ ኑ፤ ከነጋዴዎቹ ጋር ቡና ጠጡ፤ ዙሉውም ሶቶውም አማርኛውም ሐዲይኛውም የሚሰማበትን የዚህን ጎዳና ድራማ፣ ሌላ ሰው በሌላ ዓይን ሳይጽፈው በፊት፣ እናንተ ጻፉት።