የሰርቨሩን ፍጥነት ማን ይወስን?

አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ሲገዛ በጨረታ ሰነዱ ላይ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በጊጋኸርዝ ይጻፋል። ሒሳብ ክፍሉ ያንን ቁጥር አይቶ ይከፍላል፤ ተረካቢ ኮሚቴውም ያንኑ አይቶ ይፈርማል። ብዙዎች ልብ የማይሉት ግን ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ በዚያ ፍጥነት እንደማይሠራ ነው። ሥራ ሲቀንስ ዝቅ፣ ሥራ ሲበዛ ከፍ ይላል። መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንደሚል የሚደነግግ ቅንብር አለ። ይህን ቅንብር አብዛኛውን ጊዜ የመረጠው ባለንብረቱ ሳይሆን የሰርቨሩ ወይም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አምራች ነው። ባለንብረቱ ያልወሰነው ውሳኔ በየቀኑ ይፈጸምበታል ማለት ነው።

ዝቅ ማድረግ ለምን አስፈለገ?

ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ቮልቴጁንም መቀነስ ስለሚቻል ቁጠባው ድርብ ነው። ለምሳሌ ሁለቱም በ20 በመቶ ቢቀንሱ ለሥራው የሚውለው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሰርቨሩ የሚበላው መብራት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነውና ማቀዝቀዣውም ያንን ሙቀት ለማስወጣት ሌላ መብራት ይበላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሸክሙ ወደ ባትሪውና ወደ ጄኔሬተሩ ይዞራል። ስለዚህ ቁጠባ የሚናቅ ጉዳይ አይደለም።

አገረ ገዥዎቹ

በሊኑክስ ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስነው ደንብ ገቨርነር ይባላል፤ በእኛ አነጋገር አገረ ገዥ እንደማለት ነው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፡-

ፐርፎርማንስ፦ ፍጥነቱን በተፈቀደው ጣሪያ ላይ ያቆያል።
ፓወርሴቭ፦ በተፈቀደው ወለል ላይ ያቆያል።
ኦንዲማንድ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ከርነሉ የገባ ነው። የሥራውን ጫና በየአጭር ጊዜው እየለካ ጫናው ሲበዛ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይዘላል።
ኮንሰርቫቲቭ፦ እንደ ኦንዲማንድ ነው፤ ሆኖም ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል።
ሼድዩቲል፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣ ሲሆን፣ ሥራ ከሚያከፋፍለው የከርነሉ ክፍል በቀጥታ በሚያገኘው መረጃ ይወስናል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ ለኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኢንቴል ፒስቴት የሚባል የራሱ ድራይቨር አለ። ይህ ድራይቨር ራሱ ወሳኝ ሆኖ ሲሠራ የሚያሳያቸው ስሞች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፐርፎርማንስና ፓወርሴቭ። በዚህኛው ግን ፓወርሴቭ ማለት ወለል ላይ መቆየት አይደለም፤ እንደ ጫናው ከፍና ዝቅ ይላል። ስሙ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት ነው። ስለዚህ ስሙን አይቶ ከመደንገጥ በፊት ድራይቨሩ የትኛው እንደሆነ ማየት ይገባል።

ማን ይጎዳል? ማንስ ይጠቀማል?

ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት የሚያሰላ ሥራ በኦንዲማንድም ቢሆን ብዙ አይጎዳም፤ ጫናው ስለማይወርድ ፍጥነቱም ከላይ ይቆያል። ዲስክ ወይም ኔትወርክ ሲጠብቅ የሚውል የፋይል ሰርቨርም ልዩነቱ እምብዛም አይሰማው። የሚጎዳው አጭር አጭር ጥያቄ የሚመጣበት ሰርቨር ነው፤ ለምሳሌ የባንክ መስኮት ሠራተኛ የሚጠይቀው ዳታቤዝ። ጥያቄው የሚያልቀው ገቨርነሩ ጫናውን ለክቶ ፍጥነቱን ሳይጨምር ከሆነ፣ መልሱ በዝቅተኛው ፍጥነት ይሰጣል ማለት ነው። የጫና መቆጣጠሪያው ግን 10 በመቶ ብቻ እያሳየ ምንም ችግር የሌለ ያስመስላል። ያኔ ተጠቃሚው ያማርራል፤ መሥሪያ ቤቱም ጥፋቱን በሰርቨሩ ማርጀት አሳቦ ሌላ ሰርቨር ለመግዛት ይነሳል።

የሥልጣን ተዋረድ

በሕግ ዓለም መመሪያ ከአዋጅ፣ አዋጅም ከሕገ መንግሥት ጋር መጋጨት የለበትም። እዚህም ተዋረድ አለ። የበላዩ ባዮሱ ነው። ባዮሱ የኃይል አስተዳደሩን ለራሱ ካስቀረው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚሰጠው ትእዛዝ ላይፈጸም ይችላል። በቨርቹዋል ማሽን ጊዜም እንግዳው ማሽን ብዙውን ጊዜ ሥልጣን የለውም፤ የሚወስነው አስተናጋጁ ሰርቨር ነው። በዊንዶውስ ሰርቨርም ከ2008ቱ እትም ጀምሮ ሳይነካ ሲመጣ የሚሠራው ሚዛናዊ በተባለው የኃይል ዕቅድ ነው፤ ከፍተኛ አፈጻጸም የተባለውን ባለንብረቱ ራሱ መምረጥ አለበት።

ቅደም ተከተሉ

በመጀመሪያ በባዮሱ ውስጥ ቁጥጥሩ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መለቀቁን ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሲፒዩፓወር በተባለው መሣሪያ ድራይቨሩን፣ ገቨርነሩንና አሁን ያለውን ፍጥነት ማንበብ። ሦስተኛ፣ ምንም ሳይነኩ በሥራ ሰዓት ሁለት ነገር መለካት፤ ተጠቃሚው መልስ ለማግኘት የሚጠብቀውን ጊዜና ሰርቨሩ የሚፈጀውን ዋት። አራተኛ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ገቨርነሩን ለውጦ በተመሳሳይ ሰዓትና ጫና እንደገና መለካት። አምስተኛ፣ ለውጡ ከጠቀመ ቋሚ ማድረግ። በእጅ የተሰጠ ትእዛዝ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ይሰረዛል፤ በሬድሃት ቤተሰብ ቲዩንድ የሚባለው አገልግሎት በየሥራው ዓይነት የተዘጋጁ ቅንብሮች ስላሉት ለዚህ ይረዳል።

ሁሉንም ሰርቨር ፐርፎርማንስ ላይ መስቀል መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ጥቂት ሥራ ብቻ ያለው ሰርቨር ግን በከንቱ መብራት ይበላል። ሁሉንም ለቁጠባ መተውም እንዲሁ ውድ ነው፤ ዋጋውን በሰልፍ የሚከፍለው ደንበኛው ነውና። ሚዛኑ እንደየሥራው ይለያያል። ውሳኔው በቴክኒሻኑ ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለውና ለደንበኛው የሚጠየቀው ኃላፊ የልኬቱን ውጤት አይቶ ይወስን፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በሰርቨሩ መዝገብ ይጻፍ። ነገ ቴክኒሻኑ ሥራ ቢለቅ ተተኪው የሚያነበው እሱን ነው።