አንድ ዘር፣ ብዙ መልክ

ከደሴ ወደ መርሳና ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው በሐይቅ ከተማ በኩል ያልፋል። የእስጢፋኖስን ገዳም ለመሳለም ወደ ባሕሩ ዳር የሚወርደው ምእመን ብዙ ነው፤ በውሃው ውስጥ ስለሚኖሩት ደቃቃን እንስሳት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የእነዚህ ፍጥረታት ታሪክ የውሃ ሥራ ለምንሠራ ባለሙያዎች ትምህርት አለው።

የውሃ ቁንጫ የሚሏት ዳፍንያና ከእርሷ እጅግ የምታንሰው ሮቲፈር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ወንድ ይራባሉ። ሴት ልጅ የእናቷን ዘር ሳይቀነስና ሳይጨመር ትወርሳለች። ታዲያ መልካቸው አንድ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ከአንዲት እናት ዘር አንዱ ትውልድ ጭንቅላቱ ድቡልቡል፣ ሌላው እንደ ቁር የሾለ ሆኖ ይገኛል። ስለ ምን?

እ.ኤ.አ. በ1909 ጀርመናዊው ቮልተሬክ የዳፍንያን ዘሮች ለያይቶ ምግባቸውን እያበዛና እያሳነሰ የቁራቸውን ቁመት ለካ። ቁመቱ ከምግቡ ጋር ተለዋወጠ፤ የአለዋወጡም ሥርዐት ከዘር ዘር ይለያል። ይህንንም «የምላሽ ሥርዐት» አለው። ግኝቱ የዴንማርኩን ሊቅ የዮሃንሰንን የውርስ ትምህርት የሚያፈርስ መሰለው። ዮሃንሰን ግን የሚወረሰው ይኸው ሥርዐት ራሱ ነው ሲል መለሰ፤ ዘመንም ለእርሱ ፈረደ።

በ1952 ፈረንሳዊው ደ ቦሻን በሮቲፈሮች ላይ ሌላ ምስጢር ገለጠ። አዳኛቸው የኖረችበት ውሃ ብቻ ሲደርሳቸው የሚወለዱት ልጆች ረጃጅም እሾህ ያበቅላሉ። በ1967 ደግሞ ግሪን በአልበርት ሐይቅ የምትኖረውን ዳፍንያ ሉምሆልትዚን አጥንቶ የመልኳን ልዩነት ከዓሣ አደን ጋር አያያዘ። ይህች ዝርያ በጣናችንም ትገኛለች።

ለመሐንዲስ ነገሩ እንግዳ አይደለም። መልካም ንድፍ «መሠረቱ ሁለት ሜትር ይሁን» ብሎ አያበቃም፤ አፈሩ እንዲህ ቢሆን እንዲህ አድርግ ይላል። በመርሳና በወልድያ በአንድ ንድፍ የታነጹ ሁለት ድልድዮች መሠረታቸው ቢለያይ ንድፉ ተለወጠ አንልም።

ይሁን እንጂ ምላሽ ወሰን አለው። በሐይቅ ባሕር ቆሮሶ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ ገደማ ተጨመረ፤ በ1992 የታተመ ጥናትም ቀድሞ ጥርት ያለው ውሃ በአረንጓዴ አልጌ መበልጸጉን አስታወቀ። አልጌውን የሚግጡት ደግሞ እነዚሁ ደቃቃን ናቸው። እንግዲህ በሀብሩም ሆነ በሌላ ሥፍራ ኩሬ ቆፍረን ዓሣ ከመጨመራችን በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ በአጉሊ መነጽር እንመርምር። ሥራችን ለእነርሱ አዲስ አገር ነውና።