ወደብ ሁሉ መጠጊያ አይደለም

ስለ ስደት ሲወራ በአብዛኛው የሚነሳው ረሃቡ፣ ብርዱና የመንገዱ መከራ ነው። ስደተኛን ስለሚያዘናጋው ምቾት ግን እምብዛም አይወራም። በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው የሳናሪ-ሱር-ሜር ታሪክ ይህን ሌላውን የስደት ገጽታ የሚያሳይ በመሆኑ ለአንባቢ ላካፍል ወደድኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳናሪ በማርሴይና በጦር መርከብ ወደብነቱ በሚታወቀው በቱሎን መካከል፣ ለቱሎን ቀረብ ብላ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ስሟን የወሰደችው ከቅዱስ ናዛርዮስ ነው። እንደ ኒስና እንደ ካን የዓለም ከበርቴ የሚጎርፍባት አይደለችም፤ የሚያዘወትሯት ፈረንሳውያኑ ራሳቸው ናቸው። እኔ ስደርስ በወደቡ ዳር ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ የተቀቡ፣ እነሱ «ፗንቱ» የሚሏቸው የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ተደርድረው ነበር። ከዘንባባዎቹ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ። የረቡዕ ገበያዋ በ2018 በአንድ የቴሌቪዥን ውድድር ከፈረንሳይ ገበያዎች ሁሉ ውብ ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ያም ሆኖ በገበያው መካከል እንኳ የሚጣደፍ ሰው አላየሁም።

ፈላስፋው ሉድቪግ ማርኩዘ በስተኋላ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ መዲና ነበረች ያላት ይህችን የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በጃንዋሪ 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በሜይ ወር የበርሊን ተማሪዎች በአደባባይ መጻሕፍት አቃጠሉ። ቶማስ ማንና ሊዮን ፎይክትቫንገር በዚያን ጊዜ ለንግግር ውጭ አገር ነበሩና ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ቀሩ። ፎይክትቫንገር በዚያው ዓመት ዜግነቱን ተገፈፈ። ሳናሪ ኑሮው ርካሽ፣ አየሩ ለስላሳ ነበር። እንግሊዛዊው አልዶስ ሃክስሊም ቀደም ብሎ መጥቶ፣ ስሙን ያስጠራውን የመጪውን ዓለም ልብ ወለድ በ1931 የጻፈው እዚያው ነው። ጀርመኖቹ አንዱ ሌላውን እየጠራ ተሰባሰቡ። ማን የ1933ን በጋ «ላ ትራንኪል» በተባለ ቪላ አሳለፈ፤ ትርጉሙ «ሰላማዊቱ» ማለት ነው። ኋላ ፍራንዝ ቨርፌልም መጣ። በወደቡ ዳር ባሉት ቡና ቤቶች እየተቀመጡ ይከራከራሉ፣ ሥራቸውን ይነባበባሉ፣ ከአገር ቤት የመጣ ወሬ ይለዋወጣሉ።

በእነዚያው ዓመታት የኛው ደራሲ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ፋሽስት ኢጣሊያ ካገር አስወጥቷቸው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀምጠው ነበር፤ በ1938 ያረፉትም እዚያው በስደት ነው። ዘመኑ የብዙ አገር ብዕረኛ የተሰደደበት ዘመን ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመኝ የፎይክትቫንገር ነገር ነው። በ1933 ያሳተመው ልብ ወለድ፣ ኑሮው ስለተመቸው አደጋውን በጊዜ ማየት ስላቃተው አንድ የበርሊን አይሁዳዊ ቤተሰብ የሚተርክ ነው። ይህን የጻፈ ሰው ራሱ ሳናሪ ላይ ሰባት ዓመት ያህል ተቀመጠ። በናዚዎች የተዘረፈበትን ቤተ መጻሕፍት «ቪላ ቫልሜር» በተባለው ቤት እንደገና አቋቋመ፤ ከመስኮቱ ባሕሩ ይታየዋል። እንዲህ ካለ ቦታ ተነሥቶ መሄድ ለማን ይቀላል?

በሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ የፈረንሳይ መንግሥት ጀርመናዊ የሆነውን ሁሉ ጠላት ብሎ መዘገበ። የሂትለር ጠላት ይሁን ወዳጅ የጠየቀ አልነበረም። ትናንት እንግዳ የነበሩት ደራስያን ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ አጠገብ ወደሚገኘው ሌ ሚል ተወሰዱ፤ የቆየ የጡብ ፋብሪካ ነው። ሴቶቹ፣ የፎይክትቫንገር ባለቤት ማርታ ጭምር፣ በ1940 ወደ ጉርስ ማጎሪያ ተላኩ። በጁን 1940 ፈረንሳይ ተሸንፋ የፈረመችው ስምምነት በ19ኛው አንቀጹ ጀርመን የጠየቀችውን ጀርመናዊ ሁሉ አሳልፋ እንድትሰጥ የሚያስገድድ ነበር። ጸሐፌ ተውኔቱ ቫልተር ሀዘንክሌቨር ያን ጊዜ ሌ ሚል ውስጥ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ፎይክትቫንገር ወደ ሌላ ካምፕ ከተዛወረ በኋላ የሴት ካፖርት ለብሶ በአሜሪካ ቆንስላ መኪና አመለጠ። በማርሴይ ምክትል ቆንስል የነበረው ሃይረም ቢንግሃም በቤቱ ደበቀው፤ በመጨረሻም የፒሬኔን ተራራ በእግሩ ተሻግሮ አሜሪካ ገባ።

እዚያ ሆኖ ስለ እስራቱ በጻፈው መጽሐፍ፣ በፈረንሳይ ያጋጠመው ሰይጣን ጨካኝ እንዳልነበር ያትታል። ትሑት፣ ሰላምተኛ፣ ነገር ግን ምንም የማይገደው ሰይጣን ነበር። ይህ አባባል ሳናሪን ካየሁ በኋላ ይበልጥ ገባኝ። ያለመጣደፍ ጸጋ ነው፤ የደከመ ሰው ያርፍበታል። ይኸው ጠባይ ቢሮ ሲገባና ማኅተም ሲይዝ ግን «ነገ ተመለስ» ይሆናል። ቪዛ ለሚጠብቅ ሰው ነገ የሚባል ቀን ላይኖር ይችላል።

ጀርመኖች በ1944 የባሕር ዳርቻውን ለመመሸግ «ሰላማዊቱን» ቪላ አፈረሷት። ሳናሪ ዛሬ የስደተኞቹን ስም በመታሰቢያ ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ የኖሩባቸውን ቤቶች ለእንግዳ ታሳያለች። የሚያስመሰግናት ሥራ ነው። ሆኖም ሰሌዳውን ያነበበ ሁሉ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ሌ ሚልንም ማየት ይገባዋል። በ2012 መታሰቢያ ሆኖ የተከፈተው ያ የጡብ ፋብሪካ 10,000 ያህል ሰዎች ታጉረውበታል። በኦገስትና በሴፕቴምበር 1942 ደግሞ ወደ 2,000 የሚጠጉ አይሁዶች ከዚያ ተጭነው ወደ ኦሽዊትዝ ተልከዋል። የጫኗቸው የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ጀርመኖች ያን አካባቢ የያዙት ከዚያ በኋላ በኖቬምበር ነው። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ መጽሐፍ ያልጻፉ፣ ቆንስል የሚያውቀው ስም ያልነበራቸው ነበሩ። የደራስያኑ ስም በወደቡ ዳር ሲነበብ የእነዚህም ቁጥር አብሮ ቢታሰብ መልካም ነው።