ከኮሮና ዘመን ለልጆቻችን ምን እናስቀርላቸው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ ቆሻሻ ተጠራርጎ ሲቃጠል ጭሱ ሰፈሩን ያለብሰዋል። ይህን ልማድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መነሻውን ግን ለልጁ የሚነግር ወላጅ ጥቂት ነው። በ1911 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ አገራችን ገብቶ በከተማይቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በበሽታው ተይዘው ድነዋል። ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» አለው። ከዚያ ሁሉ መከራ ለአብዛኞቻችን የደረሰን ጭሱ ነው። ማን ማንን አስታመመ? ማን ማንን ቀበረ? በየቤቱ የሆነው ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ ተቀበረ።

በእስልምና ታሪክ ውስጥ ደግሞ ከዚያ እጅግ የቀደመ፣ ግን በደንብ ተጽፎ የቆየ ታሪክ አለ። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በሻም ምድር የዐምዋስ ወረርሽኝ ተነሳ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደዚያው እየተጓዙ ሳለ ወሬው ደረሳቸው። ባልደረቦቻቸውን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) «ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሲያነሱ፣ መመለሱም ራሱ በአላህ ውሳኔ መሆኑን አስረዷቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም፣ ካለበት አገር ሸሽቶ መውጣትንም መከልከላቸውን አሳወቁ። አቡ ዑበይዳና ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) በዚያው ወረርሽኝ አረፉ። ይህ ሁሉ ተጽፎ በመቆየቱ፣ ከአሥራ ሦስት መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ መስጊድ ሲዘጋ ዑለማእ ለግራ ለተጋባው ሕዝብ የሚያስረዱበት መሠረት ሆነላቸው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካን በየቤታቸው አሳለፉ። ከአምስት ቀን በኋላ እኛም ረመዷንን ተቀበልን። ተራዊሕ በቤት ተሰገደ፤ አባት ለሚስቱና ለልጆቹ ኢማም ሆነ። ግንቦት 16 የዒድ ሰላት ያለወትሮው ስታዲየሙ ባዶ ሆኖ አለፈ። ለብዙ አረጋውያን ይህ ከባድ ሐዘን ነበር።

ወገኖቼ፣ ታሪክ ሲነገር መልካሙም ጉድለቱም መነገር አለበት። መልካሙ ብዙ ነው። የውሃ ጀሪካንና ሳሙና በየደጃፉ ተቀመጠ። የቤት ኪራይ የተዉና የቀነሱ አከራዮች ነበሩ። «ማዕድ ማጋራት» ተብሎ ዱቄትና ዘይት ሃይማኖት ሳይለይ ተከፋፈለ። እንደ ሳሪስ አቦ ባለ፣ ብዙው ሰው በፋብሪካና በቀን ሥራ በሚተዳደርበት ሰፈር፣ «ቤት ተቀመጡ» ማለት ለአንዳንዱ «ጾማችሁን እደሩ» ማለት ነበርና ያ ዱቄት ዋጋው ቀላል አልነበረም።

ጉድለቱንም አንደብቅ። ከውጭ የተመለሱ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ለይቶ ማቆያ ገብተው ሲወጡ «በሽታ ይዘው መጡ» ተብለው በጎሪጥ ታይተዋል። የታመመ ሰው ጎረቤት እንዳይሸሸው በመፍራት ሕመሙን ደብቋል። «ኮሮና የሚባል የለም» የሚል ወሬም ከዐዋቂ ቃል ፈጥኖ ተሰራጭቷል። ከሁሉም የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ በሽተኛው በጣት በሚቆጠርበት በ2012 የመጋቢት ወር እጅግ ፈራን፤ ከዓመት በኋላ በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ በየቀኑ በመቶዎችና በሺዎች ሲያዙ ግን ማስኩን አገጫችን ላይ አወረድነው። ክትባቱ መሰጠት የጀመረው በዚያው መጋቢት ወር ነበር። የፈራነው ወሬውን እንጂ በሽታውን አልነበረም ማለት ነው። ጥንቃቄ ዒባዳ ከሆነ ግን ወሬ ሲበርድ አይበርድም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን አስታውቋል። በመንግሥት መዝገብ ብቻ በአገራችን ከ7,500 በላይ ሰው በዚህ በሽታ ሞቷል። ቁጥሩን መዝገብ ይይዘዋል። እናታችሁ የሞቱበትን ቀን፣ ጀናዛውን የሸኙትን ጥቂት ሰዎች፣ ደጃችሁ ላይ ምግብ አስቀምጦ የሄደውን ጎረቤት ግን ከእናንተ በቀር የሚመዘግብ የለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ መጻፍ የሚችለው በደብተር ያስፍረው። ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ተማሪዎች ናቸው፤ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ በሽተኛን ከመሸሽ ይልቅ መርዳትን ከእኛ ይማሩ።

አላህ የሞቱብንን ይማርልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ አገራችንን ከመቅሰፍት ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።