ቆጣሪው የማን ወገን ነው?

ወላይታ ሶዶ ሄዳችሁ «ወጋጎዳ» የሚለውን ቃል ብታነሡ፣ ዕድሜው ጠና ካለ ሰው ረጅም ወሬ ትሰማላችሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አቀላቅሎ አንድ የማስተማሪያ ቋንቋ የማድረግ ሐሳብ መጣ። ስሙም ከአራቱ ሕዝቦች ስም ተቆራርጦ የተሰፋ ነበር። መጻሕፍቱ ታትመው ክፍል ሲገቡ ሶዶ ተቆጣች። ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ታሰሩ፤ መምህራን ከቦታቸው ተነሡ። በመጨረሻ ወጋጎዳ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም. የሰሜን ኦሞ ዞን ተከፋፍሎ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይመዘግበዋል? መዝጋቢውስ ምን ይባላል?

ዛሬ አንድ ተማሪ ስለዚያ ዘመን ልጻፍ ቢል ከሚያገላብጣቸው አንዱ፣ ሳራ ቮን የተባለች ተመራማሪ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሠራችው የዶክትሬት ጥናት ነው። አገር ውስጥ ደግሞ የመብት ጥሰትን የመመዝገቡን ሸክም ለዓመታት የተሸከመው በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ ነው። ሥራው ደረቅ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በማን እጅ። መንግሥት ግን «ይሄ የፖለቲካ ድርጅት ነው» ብሎ ለዓመታት ሳይመዘግበው ቆየ። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አባል አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ፕሮፌሰር መስፍንም በ1993 እና በ1998 ታሰሩ።

ቀጥሎ የመጣው ክስ የገንዘብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ጉባኤው ብዙ ቅርንጫፎቹን ዘጋ። «ኢትዮጵያ» የሚለው እንኳ ከስሙ ወጥቶ «ሰመጉ» ተባለ! ሕጉ የተለወጠው በ2011 ነው። የገንዘቡ ጥያቄ ከንቱ ነው አልልም፤ የሚከፍል ሰው የሚወደው ርዕስ አይጠፋውም። ይሁንና ሪፖርቱ ውሸት ከሆነ ውሸቱን ማሳየት ነው እንጂ፣ ጸሐፊውን ማን እንደሚቀልበው መጠየቅ የሟቹን ቁጥር አይቀንሰውም።

እኔ የምጋራው ትችት ሌላ ነው፤ መዝገቡ የሚከፈተው ሬሳ ሲወድቅ ነው። የወላይታ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄን ያጸደቀው በታኅሣሥ 2011 ነው። ከዚያ በኋላ ከዓመት ተኩል በላይ ሰልፍና ደብዳቤ ነበር። በዚያው በ2011 ክረምት ኢንተርናሽናል ክራይሲስ ግሩፕ ስለ ሲዳማ ጥያቄ ለብቻው ጽፎ አስጠንቅቋል፤ ሲዳማ ቀን ቆርጣ ነበራ። ወላይታ የብዙዎችን ዓይን የሳበችው ግን ከነሐሴ 3 ቀን 2012 በኋላ ነው። ያን ቀን የዞኑን ዋና አስተዳዳሪ ጨምሮ ከ20 በላይ ሰዎች ሶዶ ውስጥ ተያዙ። በሶዶና በቦዲቲ በተነሣው ተቃውሞ ሰዎች በጥይት ሞቱ። በመንግሥት አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር የኃይል አጠቃቀሙ እንዲመረመር ጠየቀ። ጥሩ አደረገ፤ ለሞቱት ግን ዘግይቷል።

ቀድሞ መድረስ እንደሚቻል ደግሞ እዚያው ወላይታ አይተናል። ጥር 29 ቀን 2015 የተሰጠውን የሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ምርጫ ቦርድ ጉድለት አግኝቼበታለሁ ብሎ ሰረዘው፤ ሰኔ 12 እንደገና አስደረገ። ይሄ የሆነው ሂደቱን በየጣቢያው የሚከታተልና የሚጽፍ ሰው ስለነበረ ነው። ለወጋጎዳም መጻሕፍቱ ገና ማተሚያ ቤት ሳሉ፣ የሶዶን መምህራን አንድ በአንድ ጠይቆ የሚሉትን የሚጽፍ ያስፈልግ ነበር።