«ሲ»ን ከማጥቆራችን በፊት
ፈታኙ «አሥር ደቂቃ ቀራችሁ!» ሲል የሚመጣውን ድንጋጤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የመጨረሻው ምንባብ ገና አልተነበበም፤ ከሥሩ የተደረደሩት ጥያቄዎች ባዶ ናቸው፤ እርሳሱም ቀስ እያለ ወደ «ሲ» ያዘነብላል። «ካላወቅህ ሲን አጥቁር» የሚለውን ምክር ከታላላቆቻችን ወርሰን ለታናናሾቻችን አውርሰናል።

ለመሆኑ ይህ የምንባብና የምርጫ ጥያቄ ከየት መጣ? ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘነው ነገር ከብዙ የማጠናከሪያ ክፍል ምክር የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ ነው። ፍሬድሪክ ኬሊ የተባለ የትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1914 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ የመምህራን እርማት ከሰው ሰው ምን ያህል እንደሚለያይ መረመረ። ያንኑ ወረቀት አንዱ መምህር ሲያመሰግነው ሌላው ይጥለዋል። የኬሊ መፍትሔ የአራሚውን ስሜት ከነጭራሹ ማስወጣት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያዘጋጀው የካንሳስ የንባብ ፈተና አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ያላቸው አጫጭር ጥያቄዎች ይዞ ወጣ። በአንዱ ጥያቄ ላይ ላም፣ ነብር፣ አይጥና ተኩላ ተዘርዝረዋል፤ ተማሪው ለእርሻ የሚጠቅመውን ማክበብ ነው። የተሰጠው ጊዜ 5 ደቂቃ ብቻ ነበር።

እንግዲህ አንድ መልስና የሚሮጥ ሰዓት ከፈተናው ጋር አብረው የተወለዱ መንትዮች ናቸው። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያ ዘዴ ግልጽ ነው። አውጪው መልሱን ከምንባቡ ማስረዳት መቻል አለበት። ስለዚህ እኛም «ደስ የሚለውን» ወይም «ከሕይወት የምናውቀውን» መልስ ትተን፣ ጣታችንን መስመሩ ላይ አድርገን «ይኸው!» ልንልበት የምንችለውን እንምረጥ። አንዱ ጥያቄ ሰዓታችንን ከበላው ምልክት አድርገንበት እንለፍ፤ ከባዱም ቀላሉም የሚያስገኙት ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በ1917 ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ለተማሪዎች አንዲት አጭር አንቀጽ ሰጣቸው። አንቀጿ ፍራንክሊን በምትባል ከተማ ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ካልታመሙ፣ ቤታቸው ተላላፊ በሽታ ከሌለና መንገድ ካልተዘጋ በቀር ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታቸው እንደሆነ የምትናገር ናት። ጥያቄዎቹም ቀላል ነበሩ። ተማሪዎቹ ግን ተሳሳቱ፤ ቶርንዳይክም ስህተቶቹን አንድ በአንድ ለቅሞ መረመረ። የተሳሳቱት ሰነፍ ስለሆኑ አልነበረም። አንዷ ቃል ከሚገባት በላይ ጎልታባቸው፣ ሌላዋ ደግሞ ተሸፍናባቸው ነው። ማንበብ ማመዛዘን ነው ሲልም ደመደመ።

እኛንም የሚጥለን ይኸው ነው። ምርጫው ውስጥ ከምንባቡ በቀጥታ የተቀዳ ቃል ስናይ «አገኘሁት!» ብለን እናጠቁራለን፤ ሐሳቡ ግን ተገልብጧል። ስለዚህ ምርጫዎቹን ከማየታችን በፊት መልሱን በራሳችን አባባል እናስበው። «በስተቀር»፣ «ሳይሆን»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ቃላት ደግሞ እናስምርባቸው። የማናውቀው ቃል ሲገጥመንም ዓረፍተ ነገሩን ያለ እሱ አንብበን፣ ቦታውን የሚሞላ ሌላ ቃል እንፈልግ።

የምናጠቁረው ለምንድን ነው? እሱም ታሪክ አለው። አይቢኤም በ1938 ያወጣው የእርማት ማሽን፣ ሬይኖልድ ጆንሰን የተባለ የሚቺጋን የሁለተኛ ደረጃ መምህር በነበረው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነበር። የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ማሽኑ ምልክቱን በዚያ ይለየው ነበር። የዛሬዎቹ ማሽኖች በብርሃን ያነባሉ፤ ጠባያቸው ግን ያው ነው። አንድ ቁጥር ዘለን ካጠቆርን «ልጁ ተሳስቶ ነው» ብሎ የሚያዝን አራሚ የለም። በየአምስቱ ጥያቄ ቁጥሩን ማመሳከር ዋጋ የሚያስገኝ ልማድ ነው።

ታሪኩ ግን ጨለማ ጎንም አለው። ካርል ብሪገም በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ የሠራዊት ፈተና ውጤቶችን ይዞ የሰውን ዘር በአእምሮ ደረጃ አበላለጠ። በ1926 ወደ 8,000 የሚጠጉ ተማሪዎች የወሰዱትን የመጀመሪያውን ኤስኤቲ ያዘጋጀውም እሱ ነው። በ1930 ግን ያንን ድምዳሜውን በይፋ ሻረ። በአንድ ቋንቋ የተዘጋጀ ፈተና ሰዎችን ሊያወዳድር የሚችለው ቋንቋውን ለመማር እኩል ዕድል ካገኙ ብቻ ነው ሲልም ጻፈ።

ይህን ስናነብ የራሳችን ሰፈር ትዝ አለን። የ12ኛ ክፍል ፈተናችን በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ፊዚክሱም ከሥሩ የምንባብ ፈተና ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም.፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላይ አንደፈድፍም። ግን ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤት የተማረና መጽሐፍ ለሦስት የተካፈለ ልጅ ያንኑ ምንባብ እኩል ዕድል ይዘው አይከፍቱትም። ውጤታችን የጭንቅላታችን ልክ አይደለም። የወደቀ ወንድም ወይም እህት ያለን ሁሉ ይህን ቤት ውስጥ ደጋግመን እንናገረው።

ታዲያ «ሲ»ስ? ስህተት ነጥብ የማያስቀንስ ከሆነ ባዶ መተው ሞኝነት ነው። ነገር ግን ከአራት ምርጫ በጭፍን መገመት ከአራት አንድ ዕድል ነው፤ ሁለቱን አስተውለን ከሰረዝን ከሁለት አንድ ይሆናል። «ኤ»ም ሆነ «ዲ» ከ«ሲ» የሚያንሱበት ምክንያት የለም። የተቀረው ሥራ ከፈተናው ቀን በፊት የሚሠራ ነው። በየቀኑ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ እናንብብ፤ ስንጨርስም ጽሑፉን ዘግተን «ምን አለ?» ብለን በአማርኛ ለጓደኛችን እንንገር። መናገር ካቃተን አላነበብነውም ማለት ነውና እንደገና እንክፈተው።