የ1918 ኢንፍሉዌንዛና የሕሙማን አእምሮ

በ1918 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በተነሣ ቍጥር የሚነገረው የሙታኑ ብዛት ነው። አልጋ ላይ ሳሉ አእምሯቸው ስለ ታወከ ሕሙማን ግን እምብዛም አይጻፍም። እኛም ጥናታችንን የጀመርነው ሙታንን በመቍጠር ነበር፤ አሳባችንን ያስለወጠን በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የተደረገ አንድ ምርምር ነው።

ደዌው በቦስተን የታየው በኦገስት መጨረሻ በመርከበኞች ላይ ሲሆን፥ ብዙም ሳይቈይ ወደ ሕዝቡ ተዛመተ። ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ ትኵሳቱ ሲበረታ ይቃዣሉ፥ የሌለ ሰው ያነጋግራሉ፥ ከአልጋ ወርደው ሊሄዱ ይታገላሉ። ይህን ሐኪሞች ከጥንት ያውቁታል፤ ብዙውን ጊዜ ትኵሳቱ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል። አሳሳቢዎቹ ትኵሳቱ ከለቀቃቸው በኋላ እንኳ ድምፅ የሚሰሙት፥ አስታማሚያቸውን እንደ ጠላት የሚጠራጠሩት ነበሩ።

በ1912 በተከፈተው የቦስተን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የ25 ዓመቱ ሐኪም ካርል ሜኒንገር እንዲህ ያሉትን 100 ሕሙማን መርምሮ ውጤቱን በ1919 አሳተመ። ወደ ሲሶ ለሚጠጉት የተሰጠው የደዌ ስም «ዴሜንሺያ ፕሬኮክስ» ነበር፤ ኋላ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ነው። በጀርመናዊው በክሬፔሊን ትምህርት ይህ ደዌ አእምሮን እያደከመ የሚሄድ፥ የመዳን ተስፋውም የመነመነ ነው። እንግዲህ በኢንፍሉዌንዛ የተኛ ጐልማሳ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የዕድሜ ልክ ፍርድ ተቀበለ ማለት ነው፤ ለቤተ ሰቡ ምን ያህል እንደ ከበደ አንባቢ ይገምተው።

ሜኒንገር ግን መዝገቡን ዘግቶ አልተወውም። ሰዎቹ የት እንደ ደረሱ ከዓመታት በኋላ ተከታትሎ በ1926 እንዳስታወቀው፥ ከተገኙት አብዛኞቹ ድነዋል። እርሱ ከዚህ የደረሰበት አሳብ ስኪዞፍሬንያ ሊመለስ የሚችል ደዌ ነው የሚል ነው። እኛ በዚህ ጥቂት እናመነታለን፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ምናልባት ደዌው በአንጐል ላይ ያደረሰው ጕዳት እስኪሽር ድረስ የቈየ ቅዠት ይዟቸው ይሆናል። የፍርሃቱንም ድርሻ መናቅ አይገባም፤ የጐረቤት አልጋ ባዶ ሲሆን፥ አስታማሚውም ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ ሲቀርብ፥ ጤነኛም ቢሆን ይደነግጣል።

ይኸው ደዌ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲመታ ሕመምተኛው በአብዛኛው የወደቀው በቤቱ ነው፤ የቃዠውን የሰማው ዘመዱ እንጂ ሐኪም አልነበረም። ለከተማው የቀረለት መታሰቢያ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠሉ ማጠን ነው።

ሜኒንገር ከ40 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በ1963 ባሳተመው «ዘ ቫይታል ባላንስ» በተባለው መጽሐፉ፥ በአእምሮ ሕሙማን ላይ የደዌ ስም መለጠፍን አጥብቆ ተቃውሟል።